ጉም ሳይወርድ

ወረቀቱ አሁንም አለ። ሉክ ወረቀት ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣ መታጠፊያው ነትቦ ብርሃን የሚያሳልፍ። ታላቅ ወንድሜ በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጦታል። ደባርቅ ስሄድ አውጥቶ አሳይቶኝ አያውቅም። እኔ ግን የት እንዳለ ስለማውቅ ያ ሳጥን ባለበት ክፍል ውስጥ ተረጋግቼ ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

ከፊርማዎቹ በላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ውል አፈርሳለሁ ያለ ወገን ለመንግሥት 5,000 ብር፣ ለውል አክባሪ 20,000 ብር ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ይሆናል።»

በእኛ አገር ውል ተዋውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይወጣዋል። ከዳባት እስከ አዲአርቃይ ዛፍ ጥላ ሥር የሚጻፍ ውል፣ ስለ ቤትም ይሁን ስለ በሬ፣ በእሱ ነው የሚያልቀው። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። 2005 ደግሞ የተፈረመበት ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ማስረጃ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቤት ሲሸጥ ግን ከሁለቱም ቀድሞ የሚመጣ ቁጥር አለ፤ 1723። እሱ ወረቀቱ ላይ የለም። በዚያ ቀን እዚያ ከነበርነው ሰዎች ይህን ቁጥር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ከልጅነቱ ጀምሮ በቅሎ እየጫነ እንግዶችን በሰሜን ተራሮች ላይ ወዳሉት ሳንቃበርና ግጭ ሲያመላልስ ነው ያደገው። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ የበቅሎ ኪራይ ነው፤ ሌላ ገቢ አልነበረንም። ከዓመት ዓመት ሲመላለስ አንድ ነገር አስተዋለ። ተራራው ላይ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ሳያውቁ ስስ ልብስ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ የመኝታ ከረጢትና ድንኳን የሚያከራይ ሰው ፈልገው ደባርቅ ውስጥ ይንከራተታሉ። ስለዚህ ዋናው መንገድ ዳር ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው የበቅሎ ማደሪያ የሚሆን ቤት ለመግዛት አሰበ። ሁለት በቅሎ ሸጠ፣ ዕቁቡን ጨመረበት፣ 180,000 ብር ሞላለት።

መስከረም 2004 ነበር፤ ዓርብ ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ። እኔ የሕግ አራተኛ ዓመት ልጀምር ስል ለእረፍት ቤት ነበርኩ። ሻጩ ቤቱን ከአባታቸው የወረሱ፣ ኑሯቸው ግን ቆላ ዛሪማ አካባቢ የሆነ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አያ ነበር የምንላቸው። ውሉን የጻፉት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት መሪጌታ ናቸው። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። ጋሼ ብሩን በፌስታል ይዞ ስለመጣ ቆጥረን አስረከብን።

«አያ፣ እዚሁ ፍርድ ቤት ገብተን እናስመዝግበው» አልኩ።

ሽማግሌው ሰማዩን አዩ። «ልጄ፣ አይሱዙው ሊነሣ ነው። ጉም ሳይወርድ ሊማሊሞን ልውረድ። ስመለስ እናደርሰዋለን።»

ሊማሊሞን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሰበብ አይደለም። ከደባርቅ ጥቂት ወጣ እንዳሉ ምድሩ ይቆረጥና ከእግር በታች ይቀራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ እስከ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ጉሙ ሲወድቅ ሾፌሩ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም፤ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በእጁ ይመራዋል። አያ አልዋሹም። ያን ቀን ሊያታልሉን ያሰቡም አይመስለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ «አማኝ ሰው ናቸው፣ አታስቸግራቸው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ስለማላውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፀደይ፣ የውል ሕግ መምህራችን ስለ አንድ ውሳኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሮን ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ሚያዝያ 30 ቀን 1999 የሰጠው፣ በቅጽ 4 የታተመው ውሳኔ ነው። ጭብጡ አጭር ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ቢሆንም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ካልተመዘገበ ሕጉ የጠየቀውን ፎርም አላሟላም፤ ስለዚህ አይጸናም። በቁጥር 1720 ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ያልተሟላበት ጽሑፍ ከረቂቅ አያልፍም።

ከዚያ ውሳኔ በፊት ብዙ ጠበቆችና ዳኞች ምዝገባው ሦስተኛ ወገንን ለመጠበቅ ነው፤ ሻጭና ገዢ እርስ በርሳቸው ግን በፊርማቸው ይታሰራሉ ይሉ ነበር። ለዚያ ክርክር ዛሬም ቢሆን አክብሮት አለኝ። ግን በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ሰበር ችሎቱ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመውበት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ሁሉ፣ የክልሉንም ጭምር፣ ያስገድዳል አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሌሎች ሰዎች የተሟገቱበት ጉዳይ በአንድ ጀምበር ደባርቅ ላይ ዛፍ ሥር የሚጻፈውን ወረቀት ውል መሆኑን አስቀርቶ ረቂቅ አደረገው። ዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ይህን አልሰሙም። እኔ ሰምቻለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ደብተሩ ያን ቀን ቤት ነበር፣ በእግር ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ ርቀት።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። 1723 ባንኮችንም ነክቷል፤ የመያዣ ውላቸው በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ በዚሁ አንቀጽ ይመታ ነበር። በ2001 በአዋጅ ቁጥር 639 ፍትሐ ብሔር ሕጉ ተሻሻለና ለባንክና ለማይክሮፋይናንስ ብድር ዋስትና የሚሰጥ የመያዣ ውል ከዚያ ምዝገባ ነጻ ሆነ። ባንክ የሕግ ክፍል አለው፤ ውሳኔ ሲወጣ ያነባል፣ ይጮኻል፣ ይደመጣል። በቅሎ ጫኝ የሕግ ክፍል የለውም። ጋሼ የነበረው የሕግ ክፍል እኔ ነበርኩ።

አያ በማግሥቱ አልመጡም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም። ቆይተው ሲመጡ ሻይ ጠጥተን፣ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን። ቤቱ በእጃችን ነበር፤ ጋሼ ቆርቆሮውን ቀየረ፣ ፊቱን ሱቅ አደረገ፣ ጓሮው ውስጥ ግርግም ሠራ። ስመ ንብረቱ ግን በአያ ስም ቆየ። እኔ ተመረቅሁ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ጎንደር ቢሮ ከፈትሁ። በየዓመቱ ለጥምቀት ስሄድ «ያን ነገር እንጨርሰው» እላለሁ፤ በየዓመቱ «እሺ» ይባላል። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በስድስት ቀን አስጨርሰው ነበር።

ከዚያ ደባርቅ ተለወጠች። በ2009 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አወጣው። ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ሲከፈል ደባርቅ የዞን ከተማ ሆነች። በከተማዋ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ። መንገድ ዳር ያለ ቤት ዋጋው ሰማይ ወጣ። 2010 ላይ የአያ ልጆች መጥተው «አባታችን ተታልሎ ነው የሸጠው» አሉ።

ሽማግሌ ተላከ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ዘመዳችን ቤት፣ አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። የመጀመሪያው ጥፋት የልጅ ጥፋት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ፤ የሁለተኛው ግን የጠበቃ ጥፋት ነው።

ሰበር ችሎቱ ከዚያ የ1999 ውሳኔ በኋላ በተከታታይ ባየው ጉዳይ ነገሩን አለዝቦት ነበር። ሻጩ ውሉን መዋዋሉን ካልካደ፣ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም የሚል መስመር ይዟል። እኔ ይህን አንብቤ፣ ፎቶ ኮፒ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር የተቀመጥሁት። እናም አያ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ እንዲህ አሉ፦ «ሸጫለሁ። አልክድም፣ ፈጣሪዬን እፈራለሁ። ገንዘቡንም ቆጥሬ ወስጃለሁ። የማነሣው የዛሬው ዋጋ ታይቶ አንድ ነገር ይጨመርልኝ ብዬ ነው።»

ያ ቃል ለእኛ ከካርታ የሚበልጥ ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ማለት፣ የተባለውን መጻፍ፣ አያንና አምስቱን ሽማግሌዎች ማስፈረም። ግማሽ ገጽ አይሞላም። እስክሪብቶዬን አውጥቼም ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አይተውኝ «ልጄ፣ እርቅ ላይ ወረቀት አይወጣም፤ ሰውዬውን አታሳፍረው» አሉ። እስክሪብቶዬን መለስሁት። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ደጋ ተወልዶ ይሉኝታ የሌለው የለም።

ጋሼ የተጠየቀውን ጭማሪ ማግኘት አልቻለም። እርቁ ፈረሰ። የአያ ልጆች ጠበቃ ያዙና በአባታቸው ስም የቤት ይለቀቅልን ክስ አቀረቡ፤ የእኛም መከላከያ ያው ውሉ ሆነ። የእነሱ ጠበቃ መልስ አንድ መስመር ነበር፦ ሰነዱ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ ስለሆነ ውል አይባልም፤ ደንበኛዬም ሸጧል የሚባለውን ክዷል። አያ ችሎት ውስጥ ጭንቅላታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። እኛን አላዩንም።

ሽማግሌዎቹን ምስክር ለመጥራት ዞርሁ። አንዳቸውም አልመጡ። «በሽምግልና የተባለ በሽምግልና ይቀራል፤ እኛ ችሎት ቆመን የእርቅ ቃል ብናወጣ ነገ ማን ይሰማናል?» አሉኝ። ልወቅሳቸው አልቻልሁም። አገሩ የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ቃል ነው። የእነሱን ቃል ወደ ችሎት ቃል የሚለውጥ አንድ ወረቀት ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነበር።

ፍርዱ 2011 ላይ ወጣ። ውሉ ፈራሽ ነው፤ ተከራካሪዎች ወደነበሩበት ይመለሱ፤ ገዢ ቤቱን ይልቀቅ፣ ሻጭ የተቀበለውን 180,000 ብር ይመልስ። ዳኛዋ ያነበበችው ሁሉ ሕጉ የሚለው ነበር፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እጽፋለሁ። በ2004 ቤት ከነግቢው የገዛ ብር በ2011 የአንድ ሱቅ ፊት እንኳ አይገዛም። ጋሼ ድንኳኖቹን አንድ በአንድ አጥፎ፣ በበቅሎ ጭኖ አወጣ። ግርግሙን ያፈረስነው አብረን ነው፤ እንጨቱን ሲነቅል አንድ ምስማር እንኳ እንዳይጣመም እየተጠነቀቀ ነበር። «ሌላ ቦታ ይሆናል» ይል ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። ጦርነቱ ተከተለ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሌላ ቦታ አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ አዲስ አበባ ላይ ውል ሲያረቅቁ ሳይ በልቤ ምን እንደሚያልፍ ለመናገር ይከብደኛል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2003 ሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 42239 ተዋዋዮች የግልግል ዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት እኔ አየዋለሁ አለ። በግንቦት 2010 ደግሞ የጅቡቲ–ኢትዮጵያ ምድር ባቡርና ኮንስታ የተባለው የጣሊያን ተቋራጮች ጥምረት በተሟገቱበት ጉዳይ ለተቋራጩ ተፈርዶ የነበረውን 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ውድቅ አደረገ። የውጭ ኩባንያዎች ተንጫጩ፤ የሕግ ቢሮዎች የግልግል አንቀጻቸውን ከሥሩ መረመሩ። 2013 ላይ አዋጅ ቁጥር 1237 ወጣና ተዋዋዮች በተቃራኒው ካልተስማሙ በቀር የሰበር አቤቱታ ይቀርባል የሚል ቃል ገባ። ዛሬ ትልልቅ ውሎች ላይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ትጨመራለች፤ ተዋዋዮቹ በግልግል ውሳኔ ላይ ለሰበር አናመለክትም ብለው የሚተዉባት። ውሳኔው አንቀጽ ወለደ፣ አንቀጹ አዋጅ ወለደ፣ አዋጁ መልሶ ውሉን ለወጠው። መሆን ያለበትም እንዲህ ነው።

ደባርቅ ላይ ግን ውሳኔው ወጥቶ ውሉ እንደነበረ ነው። የቤት ውሉ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከዳባት የቢራ ገብስ የሚያቀርቡ ገበሬዎች ውላቸውን ይዘው መጡ። «ምንም ዓይነት ምክንያት ቢያጋጥም አቅራቢው ከኃላፊነት አይድንም» ይላል። ጎርፍ፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሆነው ባለዕዳን እንደሚያድኑ በ1793 ተዘርዝሯል፤ 1886 ግን ተዋዋዮች ከፈለጉ ያንንም ኃላፊነት በውል ሊወስዱ ይችላሉ ይላል። እነዚህ ገበሬዎች ጦርነት በማሳቸው ላይ አልፎ ያዩ ናቸው። ጦርነት ቢመጣ እንኳ እንከፍላለን ብለው መፈረማቸውን ሳነብላቸው አንዱ «እኛ እኮ ለወግ የተጻፈ መስሎን ነው» አለኝ። ዋጋ ቢንር ደግሞ 1764 ዳኛውን አስሮታል፤ የውሉን ሚዛን ተዋዋዮቹ አስቀድመው ካልጻፉት ወይም አዲስ ስምምነት ካላደረጉ ወይም በውል ለተሰየመ ገላጋይ ካልሰጡት ፍርድ ቤት አያስተካክልላቸውም። ሁለቱንም አንቀጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጨረሰ። ይኸው ነው ቁጭቱ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ያን ሰሞን መሪጌታን ልጠይቅ ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ዛፍ። ከጎናቸው ተቀምጬ ስለ 1723 ነገርኋቸው። ስለ 21448፣ በኋላ ስለመጣው መለዘብ፣ ሻጭና ገዢ ሳይለያዩ ወደ ሬጅስትራሩ መግባት እንዳለባቸው። ጽፈው ያዙ። የውል ናሙናቸውን አወጡና ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በላይ በራሳቸው እጅ አዲስ መስመር ጨመሩበት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን የወንድምህን ውል ስጽፍ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ የኔታ።»

ዝም ብለው ቆዩ። «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጻፍሁ» አሉ። የሚቆጥሩ ይመስል ጣቶቻቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ ያልተናገሩትን እኔው እየቆጠርሁ ነው ወደ ጎንደር የተመለስሁት። በ2004 አንድ ሰዓት ወስጄ ያን መስመር ባስጨምራቸው ኖሮ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በእሳቸው እጅ ያለፈ ቤት ሁሉ ይመዘገብ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች፣ የማላውቃቸው ሱቆች፣ የማላውቃቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ። እኔ የማስበው ስለ ጋሼ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር ጋሼ የመጨረሻዋን በቅሎውን ሸጠ። ለውሉ ጠራኝ። መሪጌታ ጻፉ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ ገዢው ገንዘቡን ሰጠ። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ቆም አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ይኼስ ይመዘገባል?»

«በቅሎ አያስፈልጋትም፣ ጋሼ። ቤት ብቻ ነው።»

ወረቀቱን እንደያዘ ግቢውን ተመለከተ። ገዢው መሄድ ቸኩሏል፤ መንገዱ ወደ ቆላ ነው፣ ከሊማሊሞ በኩልም ጉሙ መነሣት ጀምሯል።

«ለማንኛውም እንግባ» አለ ጋሼ። ገዢውም ምንም ሳይል ተከተለን። ከዛፉ ሥር ተነሥተን በግቢው በር አልፈን ሬጅስትራሩ መስኮት እስክንደርስ በልቤ እርምጃዬን ቆጠርሁ። 84 ነው።